አርማው የሸፈናቸው እጆች

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባልበት ስልክዎም ደህና ናችሁ? እኛ በጣም ደህና ነን፤ እስካሁን መንገድ ስንሻገር የተገጨ ከቤታችን የለም። ይህን የምጽፍልዎት ከአስረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ በወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ቫርኒሽ የምቀባ ልጅ ነኝና ስህተት ካገኙብኝ እንደ ታናሽዎ ይለፉኝ፤ እኔም የእናንተን ቪዲዮ ሳይ ብዙ ነገር አልፌያለሁ።

ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነው። በር ሲሠራ የዓይን ግምት ስለማይወድ ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ወደ ሥራው ሲሄድ ያንን ሰፊውን ዋና መንገድ መብራቱ ጋ ይሻገራል፤ ለመኪናው ቀይ ሲበራ መኪናው ይቆማል፣ እሱ ያልፋል፣ አለቀ። አሁን እናንተ ያንን መብራት ነቅላችሁ በምትኩ ፊሽካ የሚነፋ አስተናባሪ ልታቆሙ አስባችኋል፤ ሕዝቡም በኢንተርኔት ሐሳቡን እንዲሰጥ ጋብዛችኋል። እናመሰግናለን። ምናልባት ያላስተዋላችሁት እንደሆነ ግን፣ ፊሽካ የሚሠራው በጆሮ ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፣ ቢሮ ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ምክክሩ ሁሉንም እንዲያካትት ብላችሁ ማብራሪያ ቪዲዮው ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስላስገባችሁልን ምስጋናዬ መጠን የለውም። ወንድሜ ሴትዮዋን ጥግ ላይ ሲያያት ደስ ብሎት መሮውን አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ነው ያየነው፤ የጽሕፈት ቤታችሁ አርማ፣ ያውም ወርቃማ ክብ ያለው ትልቁ፣ ልክ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ከአንገቷ በላይ አለች፣ እጇ ግን የለም። ወንድሜ ቪዲዮው እስኪያልቅ ቅንድቧ ሲወጣና ሲወርድ ሲከታተል ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና በእጁ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛ፣ ከቪዲዮው ሥር አንዲት መስመር ጽሑፍ የለም። ስለዚህ እኔ እየሰማሁ በእጄ አስረዳሁት። «የተሽከርካሪ ፍሰት ማሳለጫ ስትራቴጂያዊ ማዕቀፍ» ስትሉ ግን እጄ ተሳሰረ፤ እውነቱን ለመናገር አፌም አይችለውም። «መብራቱን ሊነቅሉት ነው» ብዬ ገላገልኩት። ይህንኑ እናንተም ብትሉት ቪዲዮው ባጠረ ነበር።

ሦስተኛውን ስጽፍ ደሜ ስለሚፈላ ፊደሌ ቢጣመም ይቅርታ። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ በጣም በሚያምር ድምፅ «የመስማት ችግር ያለባችሁ ወገኖቻችን ለእገዛ በዚህ ነፃ መስመር ደውሉልን» ተባለ። ስለ እሱ እኔ ደወልኩ። ያነሳችው እህት ትሁት ናት፤ «የኔ ቆንጆ፣ አስተያየት የምንቀበለው ከባለጉዳዩ ከራሱ ነው፣ እሱን አቅርቢልኝ» አለችኝ። አይሰማም እኮ አልኳት። «እሺ፣ እንግዲያው ሲመቸው ይደውል» አለች። ከዚህ በኋላ ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም፤ ወንድሜ ከንፈሬን አንብቦ ስልኩን ከእጄ መንጭቆኛል።

በማግስቱ ገጻችሁ ላይ «መስማት ከተሳናቸው ነዋሪዎች የቀረበ ተቃውሞ የለም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋችሁ አየሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

እስቲ አሁን ቀልዱን ላቁም። ባለፈው ሳምንት የመሻገሪያው መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባለፊሽካ አስተናባሪ ቆሞ ነበር። ወንድሜ አብረውት የሚሻገሩት ሰዎች እንዳይቀድሙት ቸኩሎ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ሰውየው ነፋ፣ ነፋ፣ ጉንጩ እስኪነፋ ነፋ። የጭነት መኪናው መስታወት የወንድሜን ቦርሳ ከትከሻው ነጥቆት አለፈ። እጁ ቢሆንስ ኖሮ? አናጺነቱ ይቅርና፣ በእጁ ለሚናገር ሰው እጅ ምን ማለት ነው? አስተናባሪው እየሮጠ መጣና «ደንቆሮ ነህ እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። ከኋላው ስለነበርኩ ስድቡን ሰምቼ ልደባደብ ነበር፣ በኋላ ግን አሰብኩት፤ ከእናንተ መሥሪያ ቤት ይህን ጥያቄ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

የምለምነው ትንሽ ነው። አርማውን ወደ ሌላው ጥግ ግፉልን፤ የተነገረውን ጻፉልን፤ ወንድሜና ጓደኞቹ በእጃቸው ተናግረው የቀረጹትን ቪዲዮ ተቀበሏቸው፤ አርብ ይዘጋል ያላችሁትንም ምክክር እነሱ እስኪያዩት አቆዩት። ከዚያ ሕዝቡ መብራቱ ይነቀል ካለ ቢያንስ ሁሉም አውቆት ይሆናል።

ለአርማዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአስተርጓሚዋ ትንሽ ቦታ፣ ለእርስዎም ቀይ መብራት የማያስቆመው መንገድ እየተመኘሁ፣ ከቫርኒሽ ጣሳዬ አጠገብ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት

የሚሊሜትር እህት

እጅ ከነሳሁ በኋላ የጨመርኩት፦ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ጠዋት ብቅ ይበሉና፣ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ባለፊሽካውን አቁማችሁ፣ ጆሮዎን በጥጥ ወትፈው ከወንድሜ ጋር ይሻገሩ። ጥጡን እኔ አመጣለሁ።