ፍቅርአዲስ ክፍል ትድገም ሲሉ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሀብተሥላሴ፣

የባኮ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እትዬ ጉዴና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አምቦ ክረምቱ ገብቶ ብርዱን ይዘነዋል።

ልጄን ፍቅርአዲስን ሦስተኛ ክፍልን ትድገም አሏት። መምህሯ ኦቦ ኤቢሳ አስጠርተውኝ፣ «ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን ስጠይቃት ዝም ትላለች። ብትደግም ይሻላታል» አሉኝ። አባቷ ታምራት ደግሞ «ልጄ ሰነፍ አይደለችም፣ አትደግምም» ብሎ ተቆጣ። እኔ መሀል ቀረሁ። ብታልፍ አራተኛ ክፍል ይብስባታል፤ ብትደግም ያንኑ ትምህርት እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ሆና ልትደግመው ነው። ፊት ያስቀምጧት ልል አስቤ ነበር፤ «ለምን?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኋት። «ቲቸር ወደኛ ዞሮ ሲያስተምር ይገባኛል፤ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ግን ይጠፋብኛል» አለችኝ። ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ባጃጅ ከኋላችን እየጮኸ መጣ፤ እጇን ጎትቼ ነው ያተረፍኳት። «ከየት መጣ?» ብላ ሳቀች። ይህን ለታምራት አልነገርኩትም።

እናታችንን ጆሮዋ ሲደክም መጀመሪያ እንዴት እንዳደረጋት ታስታውስ ይሆን? እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ትምህርት ቤቱ ሰኞ መልስ ስጪን ብሎኛል። ምን እንደምል ጨንቆኛል።

ለፍልሰታ ስትመጣ፣ እንደ ልማድህ ፍቅርአዲስን ከውጭ በር ላይ ሆነህ አትጥራት። ዝም ብለህ ግባና ፊት ለፊቷ ቁም።

እመቤታችን አንተንም ቤትህንም ትጠብቅልኝ።

እኅትህ ዘርፈሽ