ለወላጅ ቀብር የሚወጡ ልጆች እጃቸው እንዳይታሰር

ለወጣቶች ማረሚያ ተቋም ዋና ኃላፊ
ቀን፦ ሰኔ 4

ጉዳዩ፦ በእናቴ ቀብር ላይ በካቴና ታስሬ እንድቆም መደረጌን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስሆን፣ እሠራበት በነበረው ልብስ ስፌት ቤት ባልደረባዬን በጠብ መሀል በካውያ በማቃጠሌ ተፈርዶብኝ የተቋሙ ታራሚ ነኝ። በፍርዱ ቅሬታ የለኝም። ልጅቷ ክንዷ ላይ ጠባሳ አለባት፤ እኔም የሚገባኝን እየተቀጣሁ ነው። አቤቱታዬ ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው።

2. እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። በጉብኝት ቀን በረኪና የሚሸት እጇን በሽቦው ቀዳዳ አስገብታ ጣቶቼን ትይዝ ነበር። ባለፈው ወር በሳንባ ምች ሞተች። መርዶውን የነገሩኝ የስፌት አስተማሪያችን ናቸው። "ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ፤ እኔ ግን ማሽኑ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ወደ ቀብር እንድሄድ መፈቀዱን አልክድም፤ አመሰግናለሁ።

3. በሩ ላይ ካቴናው ሲወጣ፣ "ረጅሟ" የምንላት ጠባቂ "ኧረ እናቷን ልትቀብር ነው፤ የት ትሄዳለች?" ብላ ተከራከረችልኝ። አለቃዋ "ደንብ ነው፤ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲያስሩኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

4. መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከሬሳ ሣጥኑ አንሥቶ እጄ ላይ ተከለ። አክስቴ ሻርፗን ጣል አደረገችበት፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ንፍጤን እንኳ የጠረገችልኝ እሷ ናት። የስድስት ዓመቱ ወንድሜ "እህትህ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች" ተብሎ ኖሮ፣ እየሮጠ መጥቶ ሲጠመጠምብኝ ግንባሩ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አምባር ነው" አልኩት።

"አውልቂዋ ታዲያ፤ እቀፊኝ።"

በዚህ መሀል ሣጥኑ ወርዶ አፈር ተመልሶበታል። ክቡር ሆይ፣ እኔ እናቴን አልቀበርኩም፤ እጄን ስደብቅ ነው የዋልኩት።

5. ከዚያ ወዲህ ወንድሜ እኔን ለመጠየቅ ና ቢባል እምቢ ይላል። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ብርጭቆ ሲሰብር ወይም ሽንቱ ሲያመልጠው ሁለት እጁን አጋጥሞ ይዘረጋላታል። ተቆጥታው እንኳ አታውቅም።

6. ስለዚህ ወላጅ ሞቶበት የሚወጣ ልጅ፣ ጠባቂ ቢበዛበትም እጁ እንዳይታሰር እንዲወሰን፤ እኔም እጄ ተፈቶ አንድ ጊዜ ከወንድሜ ጋር መቃብሩ ድረስ እንድሄድ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህንኑ ለክፍል ኃላፊው በቃል አመልክቼ "ስትፈቺ ትደርሺበታለሽ፤ መቃብር እንደሆነ አይሸሽም" ተብያለሁ። እውነታቸውን ነው፤ መቃብር አይሸሽም። ልጅ ግን ያድጋል።

ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ ልጅ አለች። ሳቂታ ስለነበረች "ፍልቅልቅ" እንላታለን። አባቷ በጠና መታመማቸው ከተነገራት ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፍቷል። ትናንት ወደ እኔ ጎንበስ ብላ "አንቺን ሲያስሩሽ በጣም ያጠብቁታል እንዴ?" አለችኝ።

ሁለቱም ጥያቄዎቼ ባንድነት የማይፈጸሙ ከሆነ የእኔ ይቅር። የእኔ እናት ተቀብራለች፤ የእሷ አባት ግን ገና ትንፋሻቸው አለ።

ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የልብስ ስፌት ክፍል ሠልጣኝ፣ የሴቶች መኝታ ቤት