የማይበረው ሽመላ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ። ከስድስተኛ ክፍል የቀረው ልጅህ ደብዳቤ ሲጽፍ አይተህ እንዳትስቅ። ፊደል ብስትም ከዚያ መጥተህ ጆሮዬን አትቆነጥጥም።

እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። የቆርቆሮ ሱቅህን እኔ ይዣለሁ። የምሠራው ባልዲ ያፈሳል ይላሉ፤ ሐሜት ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚያፈሰው። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ሄጄ እንዳንተው ከኋላ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ።

አሁን ግን የምናዘዘው አለኝ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ከሰፈራችን በታች ያለው ጨፌ ውሃ ሲተኛበት ወፍ ልናይ እንወርድ አልነበር? አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽርህን የቀበሌው ጥበቃ «ምን ትሰልላለህ?» ብሎ ከቀማህ ወዲህ እንኳ ሁለት እጅህን እንደ መነጽር ጠቅልለህ ትቆም ነበር። እና ያ ሣር መሃል የሚቆመው ሽመላ... ሸክላ ነው። ቀጨኔ አንዲት ሸክላ ሠሪ ለምኜ አሠርቼ፣ በኖራና በጥላሸት ቀብቼ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እግሩ ሽቦ ነው፤ ሽቦውንም ካንተው ሱቅ ነው የሰረቅኩት። ሁለት ክረምት የሚንቀሳቀስ እንዲመስልህ ቦታ ስቀይርለት ቆይቼ፣ በሦስተኛው ሰንፌ ተውኩት። አንተ ግን ሁሌም ስስቅ በክርንህ ጎሸም አድርገህ፣ «ዝም በል አንተ፣ ይበራል!» ትለኝ ነበር። ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ ነበር የምስቀው።

ከሞትክ በኋላ ሳቁ አልመጣ አለኝ። አባቴን እንዳታለልኩት ቀበርኩት እያልኩ ምግብ አልበላ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ያ ዶፍ ሲያባራ ልነቅለው ወረድኩ። ከጭቃው ሳወጣው አንገቱ ላይ የቆየ ስብራት አለ፤ በሬንጅ ተጣብቆ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ተጠምዝዟል። በጉለሌ ካንተ ሌላ ግራኝ ቆርቆሮ ሠሪ ማን አለ?

አንተ ተንኮለኛ! እያወቅክ ነው ለካ እስከ ጉልበትህ ጭቃ ገብተህ ጠግነኸው፣ «ይበራል» ስትለኝ የኖርከው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ በሕልሜ ንገረኝ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ እብድ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልነግርህም።

መልሼ አቆምኩት። ዝናብ በጣለ ማግስት ሁሉ እጄን ጠቅልዬ እቆምልሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ትናንት እማዬን ይዣት ወረድኩ፤ «ትልቅ ሰው ወፍ ሲያይ ይውላል?» እያለች ስታሾፍብህ የኖረችውን እማዬን። የእውነቶቹ ዳክዬዎች በሽመላህ ዙሪያ ይለቅማሉ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ጠርጋ ጠጋ ልትለው ስትል፣ በክርኔ ጎሸም አደረግኋት፦

ዝም በይ እማዬ፣ ይበራል።