ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ ስለሚመለሰው ኮዳ

ለተከበሩ የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይ ደግሞ ለኩላሊትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ኩላሊትን ለይቼ ማንሳቴ እንግዳ ቢሆንብዎት ምክንያቱን እየቆየሁ እነግርዎታለሁ።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ቤቴ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። በእርስዎ ቅርንጫፍ ሦስተኛው መስኮት ላይ የምትሠራው ልጅ እናት ነኝ ብል ይበልጥ ያውቁኛል። ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። እንደ ወጉ በራችሁ ላይ ካለው የአስተያየት ሳጥን ልከተው ሄጄ ነበር፤ ጥበቃው ግን "እናቴ፣ የሱ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚያ የገባ ወረቀት አይወጣም" ብሎ መከረኝ። ከእናንተ ቤት መውጣት ከባድ መሆኑን ከልጄም ስለማውቅ ምክሩን ተቀበልኩ።

በቅድሚያ ምስጋና። አምና "የሠራተኞች የጤና ሳምንት" ብላችሁ ለልጄ የሰጣችኋት የውሃ ኮዳ እጅግ ያማረ ነው። "ውሃ ጠጡ፣ ጤና ሀብት ነው" የሚል በወርቃማ ቀለም ተጽፎበታል። እኔም ደስ ብሎኝ በየማለዳው እየሞላሁ አስይዛት ነበር፤ ማታ ግን ኮዳው እንደሞላ ይመለሳል። ውሃው አልጣማት ብሎ ይሆናል ብዬ አፍልቼ አቀዘቀዝኩት። ሎሚ ጨመቅኩበት። ዝንጅብል ጣል አደረግኩበት። ያው ነው። አባቷ "ይህች ልጅ ግመል ሆነች እንዴ" እያለ ይቀልዳል። እኔ ጅሏ ደግሞ አኩርፌ "የእናትሽ ውሃ ከረከሰብሽ የባንክሽን ጠጪ" አልኳት። እሷ ፈገግ ብላ ዝም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ ለካ ኩላሊት ይነቅዛል።

አቤቱታዬን እንደ ቢሮ ሥርዓት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በእናንተ ዘንድ መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሲፈልግ ሱፐርቫይዘሩን ይጠራል፤ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የገንዘብ ሳጥኑ ይቆለፋል፤ የወጣበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሲመለስም እንዲሁ፤ በወሩ መጨረሻ ደቂቃው ተደምሮ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ልጄ በመጀመሪያው ወር ስሟ በሰው ፊት ከተነበበ በኋላ ከሁሉ የሚቀለውን መላ አገኘች፤ ውሃ መጠጣት ተወች። ቆይቼ ሳጣራ የሁለተኛዋም የአራተኛዋም መስኮት ልጆች ኮዳቸውን ሞልተው እያመጡ ሞልተው እንደሚመልሱ ሰማሁ። አንድ ቅርንጫፍ ሙሉ ሰው ያለ ውሃ ማሠራት ቀላል ጥበብ አይደለምና እንኳን ደስ አለዎት። እኔ የስፌት መኪናዬን እንኳ ስትግል አሳርፋታለሁ፣ ዘይትም አጠጣታለሁ። አለመማር መቼም ብዙ ያሠራል።

፪ኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ልጄ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች የአንድ ሽማግሌን ጉዳይ ጨርሳ፣ ማኅተም መትታ፣ መታወቂያቸውን በሁለት እጇ መልሳ፣ "እናመሰግናለን፣ ተመልሰው ይምጡ" ካለች በኋላ ነው ከወንበሯ የተንሸራተተችው። ደንበኛ ንጉሥ ነው ብላችሁ ስላስተማራችኋት ንጉሥ ፊት መውደቁ ነውር ሆኖባት ይሆናል። ተሸክሞ ያወጣት ጥበቃ እንዳጫወተኝ፣ እርስዎ ከቢሮዎ ሮጠው ወጥተው በመጀመሪያ የጠየቁት "ሳጥኑ ተቆልፏል?" ብለው ነው። የሳጥኑ ነገር እኛንም ቤተሰቡን እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ደህና መሆኑን ስንሰማ እፎይ አልን።

፫ኛ፤ ደንበኛ የማምጣት ዕቅዳችሁን ልጄ በትጋት ፈጽማለች። ከዘመዶቻችን መካከል የባንክ ደብተር የሌላት ድመታችን ብቻ ናት። እኔ ራሴ ሦስት አለኝ። የአክስቷ ሕፃን ስሙን ገና ሳንለምደው ደብተር ላይ ተጻፈ። ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ መርፌ ልትወጋት የመጣችውን ነርስ በዚያ በደከመ ድምጿ "እህቴ፣ እኛ ባንክ ደብተር አለሽ?" ስትላት ሰምቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቀጥላ የመጣችው ሐኪም ሥራዋን ጠየቀቻት። "ባንክ" አለች። "አትበይኝ፤ በዚህ ወር አንቺ አራተኛዋ ነሽ" አለቻት። እንግዲህ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለሐኪም ቤቱም ደንበኛ በማምጣት ተወዳዳሪ የላችሁም።

፬ኛ፤ አራተኛውን ረሳሁት፣ ይቅርታ። ስጽፍ ልጄ ከክፍሏ ጠራችኝና ተነሳሁ። ውሃ ፈልጋ ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ስትጠጣ ቆሜ አየኋትና ስመለስ ሐሳቡ ጠፋብኝ።

፭ኛ፤ ሐኪሟ ኩላሊቷ ውስጥ ጠጠርም ኢንፌክሽንም እንዳለ ነግራን አሥር ቀን እረፍት ጻፈችላት። "ይህ ነገር ከተደገመ አንዱን ኩላሊት ልናጣው እንችላለን" ያለችውን ልጄ ሳትሰማ ለእኔ በኮሪደሩ ላይ ነው የነገረችኝ። እናንተ ደግሞ የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ሐሙስ ስለሆነ ሦስት ቀን ብቻ ፈቅዳችሁ፣ ሰኞ ካልተገኘች በገዛ ፈቃዷ እንደለቀቀች እንደሚቆጠር በማኅተም አሳወቃችሁን። ኩላሊቷ የመዝጊያችሁን ቀን ሳያማክር መታመሙ በእውነት ያሳፍራል። ልጄ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ተነስታ የሥራ ልብሷን ተኮሰች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ሁለት ነው። የቀሯት ሰባት ቀናት ይሰጧት። ስትመለስም እሷና ጓደኞቿ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያለ መዝገብና ያለ ስብሰባ፣ እንደ ሰው ተነስተው ይሂዱ። ሌላ አልጠይቅም።

ሰኞ ልጄ አትመጣም። የተኮሰችውን ልብስ ከምሰፋቸው ዩኒፎርሞች ክምር ሥር ደብቄዋለሁ፤ ቢጨማደድም ሰፊዋ እኔው ነኝ። በእሷ ፈንታ የሐኪሟን ወረቀትና ያን ያማረ ኮዳ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ። ደንበኛ ነኝና ቁጥር ወስጄ፣ ሦስተኛው መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ውሃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እጠጣዋለሁ። ከዚያም መጸዳጃ ቤታችሁን እጠይቃለሁ። የሄድኩበትንና የተመለስኩበትን ሰዓት እባክዎ በመዝገቡ ላይ ይጻፉልኝ፤ በስብሰባችሁም ላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ።

ለሳጥንዎ ደህንነት፣ ለመዝገብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም በተጠሙ ጊዜ ውሃ፣ በቸገረዎ ጊዜ ክፍት በር እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ።

የሦስተኛዋ መስኮት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከድመቷ በቀር ያለን ዘመዶች ተቆጥረን ሃያ ሰባት ሆነናል። ሰባቱ ቀን ካልተገኘ ሐሙስ ጠዋት፣ መዝጊያችሁ ላይ፣ ሕፃኑን አዝለን ደብተሮቻችንን ልንዘጋ እንሰለፋለን። ቅጹን አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ "የመዝጊያ ምክንያት" የሚል ባዶ መስመር አለው። ሃያ ሰባታችንም የምንጽፈው አንድ ነው፦ ውሃ ጠምቶን።