የካልሜት «እኛ»

ውድ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ከቲማቲም ለቀማው ትንሽ አረፍ አለ? የኩዊንስላንድ ብርድስ ለቀቀሽ? አብረውሽ የሚሠሩት የመንደራችን ሴቶች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። አያታችን ቡቡም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሥራ ሲጠራ ብቻ ነው። በስልክ ያላወራሁሽ ጆሯቸውን ደቅነው ስለሚሰሙ ነው፤ እሳቸውንም ላማልሽ ስለሆነ ለብቻሽ አንብቢው።

ባለፈው እሑድ ካልሜት በስልክ «ሚፋላ አዲስ ቤት ሠራን» ሲልሽ ቶሎ ተሰናብተሽ ዘጋሽ። ኋላ አክስቴ እንደነገረችኝ «የገዛ ልጄ ሚፋላ ብሎ ‘እኛ፣ ያላንቺ’ አለኝ፤ ‘እኛ፣ ካንቺ ጋር’ ሊለኝ ሲገባ ዩሚ የምትለዋን ቃል ነፈገኝ፤ ረስቶኛል» ብለሽ አልቅሰሻል፤ ሥራሽንም ጥለሽ ልትመጪ ነው። እማዬ፣ ኧረ ተይ! የሦስት ዓመት ልጅ ማንን ያስወጣል? ያስወጣል ከተባለም ያልወጣ የለም!

ትናንት ቡቡ ትከሻ ላይ ፊጥ ብሎ፣ ሁለት ጆሯቸውን እንደ ልጓም ይዞ፣ «ቡቡ፣ ሚፋላ ባሕር እንሄዳለን!» አላቸው። ቡቡ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እኔን ትታችሁ? በማን እግር?» «ባንተ!» አለ፣ ጥያቄው ገርሞት። ቡቡም «የዚህ ልጅ ምላስ ታሟል፤ ቅጠል ይታሽለት» ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ደግሞ «ምላሱስ ጤነኛ ነው። ዩ፣ ማለትም ‘አንተ’፣ ሲበዛ ዩፋላ ይሆናል፤ ሚም፣ ማለትም ‘እኔ’፣ ሲበዛ ሚፋላ። ልጁ ሥርዓቱን ይዟል፤ አፈንጋጯ ዩሚ ናት» አልኳቸው። «አፈንጋጯስ አንቺ ነሽ፣ ምላሳም!» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ለአጎቴ ሰርግ የሚቀለበው አሳማ ዘንድ ሄዶ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ዩሚፋላ ቅዳሜ አሳማ እንበላለን!» ምስኪኑን ለራሱ ሥጋ ጋበዘው! ዩሚፋላ የሚል ሰው በመንደሩ የለም፤ ማንም ሳያስተምረው ዩሚንና ሚፋላን ሰፍቶ የሠራት የራሱ ቃል ናት። ከዚያ የተዘጋውን ስልክ አንስቶ «እማ፣ ዩሚፋላ ቤት አለን። ምንጣፍሽ መስኮቱ ጋ ነው» አለሽ። እውነትም እዚያ ነው፤ እኔ ልተኛበት ስል ነክሶኛል።

ስለዚህ ውልሽን ጨርሰሽ ነይ። ደብዳቤው ሲደርስሽ ደውይለት፤ ቃሉን ግን እንዳታርሚበት፣ አደራ።

አጎቴና እጮኛው ሰላም ብለውሻል። አክስቴ ስምሽን ሳታነሣ አትውልም። ካልሜት ስልኩን ስሞልሻል። ቡቡም ሰላም ብለውሻል፤ «ዩሚፋላ የሚባል ቃል የለም» እያሉ ሲቆጡ አርፍደው፣ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆመው «ዩሚፋላ እንጸልይ» አሉ። ሕዝቡም ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ።

ልጅሽ ሌይማራ
ፓንጎ፣ ኤፋቴ ደሴት
ኦገስት 11 ቀን 2019