በስሕተት የተደረበልኝ የልጄ ሻል

ለደካን የዕፅዋት ምርምር አካዳሚ ዋና ጸሐፊ
ዳርዋድ

ቀን፦ ማርች 4 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ያልሠራሁበትን ክብር ስለ መመለስ

ክቡር ሆይ፣

እኔ ባሳፓ ሃዲማኒ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት፣ በጋዳግ ከተማ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከፓምፕ መመሪያና ከጋዜጣ ለቅሜአለሁ። ይህን የምገልጸው፣ አካዳሚው ባለፈው ወር በማሽላ አረማሞ ላይ ለተደረገ የሃያ ሁለት ዓመት ምርምር በአባልነት ስላከበረኝ ነው። ምርምሩ የልጄ የዶክተር ሱመንጋላ ነው። እኔ ማሽላን የማውቀው ቂጣ ሲሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ልጄ የጉልበቴን ሕመም ስለምታውቅ፣ «ዶ/ር ሃዲማኒ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት የፊት ወንበሯ ላይ አስቀምጣኝ ከጎን ቆመች። የሐር ሳሪ ለብሳ ያያት አስተናጋጅ «እህቴ፣ ምን ትገተሪያለሽ? እንግዳው ደረሱ እኮ፣ ያዢ!» ብሎ የዝግጅቱ መክፈቻ መብራት የሚለኮስበትን ትሪ አስታቀፋት። በመድረካችን ሴት ያለ ትሪ ታይታ ስለማታውቅ ማንም አልጠየቀም። መብራቱ ተለኩሶ ትሪውን ልትመልስ ወደ ጓዳ እንደ ገባች «ዶ/ር ሃዲማኒ» ተብሎ ተጠራ። ሁለት ወጣቶች ብብቴን ይዘው አነሡኝ። የክብር እንግዳው በአገራችን የሽልማት ወግ ጥምጥም ደፉልኝ፣ ሻል ደረቡልኝ፣ ኮኮናት አስያዙኝ። «ጌታዬ፣ እኔ አይደለሁም!» ብል ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረው «ትሕትናቸውን ተመልከቱ!» አሉ። ደግሜ ጮኽሁ፤ ጭብጨባው ባሰ።

በማግስቱ ሻሉን ይዤ ቢሮዎ ቀረብሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም «አባባ፣ አባት ለበሰው ልጅ ለበሰችው ምን ለየው? ያው ከቤት አልወጣ!» አሉኝ። ከስሟ በላይ በአባላት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የእኔን ፎቶግራፍ ባሳያቸው፣ «እሱማ መስታወት ገብቶለታል፤ ደግሞ ጥምጥሙ አምሮብዎታል» አሉ። ከተሰቀሉት አርባ ሦስት ሰዎች መካከል ሴት እሷ ብቻ ትሆን ነበር። አሁን ግድግዳው እንደ ጥንቱ አንድ ወጥ ነው፤ ለሥርዓት አክባሪነታችሁ ምስጋና ይገባችኋል።

ልጄ «አፓ፣ ተወው በቃ፤ ማን እንደ ደከመበት አረማሞው ያውቃል» ትለኛለች። መተው አልችልም፤ ለምን እንዳልቻልሁም መግለጽ ግዴታዬ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ብስክሌት ተሸልማ ነበር። ብስክሌቱን ወስጄ ለወንድሟ ሰጠሁት። እሷም ትምህርት ቤት ድረስ አራት ኪሎ ሜትር በእግሯ ተመላለሰች። ያን ጊዜ እናቷ ብትቆጣኝ «ምን ለየው? ከቤት አልወጣ» አልሁ። ስለዚህ በሹሙ አልፈርድም፤ ንግግሩን ከእሳቸው በፊት የተናገርሁት እኔ ነኝ። ልጄ ያን ጊዜም «ተወው» ነው ያለችው።

ሻሉንና ጥምጥሙን ከዚህ ማመልከቻ ጋር መልሻለሁ። ኮኮናቱ እንዳይበላሽ ተበልቷል፤ በምትኩ ሌላ አያይዣለሁ።

የምጠይቀው፣ ፎቶግራፌ ዛሬውኑ እንዲወርድና የእሷ እስኪሰቀል ሚስማሩ ባዶውን እንዲቆይ፤ ሻሉም በዚያው መድረክ፣ በዚያው እንግዳ እጅ፣ በሰው ፊት ለራሷ እንዲደረብላት ነው። ለዝግጅቱ ሰው ያንሰናል ከተባለ ችግር የለም።

ትሪውን እኔ እይዛለሁ።

መልስ እስካገኝ ከማይታጠፍ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

ባሳፓ ሃዲማኒ
(ፊርማ)
የዶክተር ሱመንጋላ አባት፣ ጋዳግ