ወደ ኋላ መውደቅ

ወንድምጋሼ ኤውሎሂዮ፣

የመዳብ ማዕድኑ አቧራ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ቫልፓራይሶም እንደ ወትሮዋ ዳገት ብቻ ናት።

እንግዲህ ሳቅብኝ፤ ዳንሰኛ ሆኛለሁ። ማግዳሌና የምትባል የቲያትር አስተማሪ የሰፈሩን ወንዶች ሰብስባ፣ ወንድ ልጅ ስለሚደብቀው ፍርሃት ዳንስ እያዘጋጀች ነው። ዋናው ሥራችን ዓይንን ጨፍኖ ወደ ኋላ መውደቅ ነው። ከኋላ የቆመው ይቀልባል።

የወደቡ ወዛደር ኦስቫልዶ፣ ያ በሬ የሚያክለው፣ "በእናንተ እጅ? ባሕር ብገባ ይሻለኛል!" ብሎ ምሰሶ አቀፈ። ጡረተኛው ሳጅን ደግሞ በወደቀ ቁጥር አንድ ዓይኑን ይከፍታል። እኔ ግን እንደ እህል ጆንያ እጃቸው ላይ ዘጭ! ማግዳሌና አጨበጨበችልኝ።

"ዶን ሊሳንድሮ፣ የት ተማሩት?"

"እዚያው ሥጋ ቤቴ ውስጥ፤ ሦስቴ ያህል ተለማምጃለሁ" አልኳት።

ሁሉም ሳቀ፤ ልምምዱን ልታይ የመጣችው ሚስቴ ኦርቴንሲያ ብቻ አልሳቀችም። ታውቃታለህ መቼም። በፋሲካ ሥጋ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሬ ካገኘችኝ ወዲህ ቢላዬን ቀምታ ሥጋውን ራሷ ትቆርጣለች። ደረጃ ስንወጣም "ከኋላህ ካልሆንኩ" ትላለች። "አንቺም ዳንስ ጀመርሽ እንዴ?" ብላት አኮረፈች።

ትርኢቱ ለመስከረሙ የነፃነት በዓል ነው። ከኋላዬ የተመደበው ሳጅኑ ነበር፤ "እኔን የሚቀልበኝ ወንድሜ ነው" ብዬ አስቀየርኩት። ልምምድ አያስፈልግህም፤ ልጆች ሳለን ከግንቡ ስዘል ስንቴ ቀልበኸኛል። ብቻ በዓሉን ሳትጠብቅ ና።

እስክትመጣ በእግሩ ቆሞ የሚጠብቅህ፣
ታናሽህ ሊሳንድሮ